«አንተ ቁጭ በል» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምንጽፈው ጡረታ ስለ ወጣ አንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ነው። «ቤዝቦል ደግሞ ምን አገባን? እኛ ዘንድ ማን ይጫወተዋል?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፤ ከመካከላችን አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ የለም። ደንቡንም ያጠናነው ለዚህ ጽሑፍ ስንል ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ የኳስ ብቻ አይደለም፤ የመምህርነትም ነገር አለበት። ስለዚህ ትንሽ ታገሡንና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ደረሰን። ልጆቹ ተሰልፈው ኳስ ሲቀባበሉ፣ አንድ እጁ ከክርኑ በታች የሌለ ልጅ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። «አንተ ቁጭ በል፤ የጓደኞችህን ሹራብ ጠብቅ» አልነው። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ያዘንንለት መስሎን ነበር። ልጁም ቃል ሳይመልስ ሄዶ ተቀመጠ። ነገሩ የከነከነን ማታ መኝታ ክፍል ገብተን ስንጨዋወት ነው። ግማሾቻችን «ታዲያ ምን እናድርገው ኖሯል? ቢጎዳስ? ማን ሊጠየቅ ነው?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ልጁን እኮ ትችላለህ ወይ ብለን እንኳ አልጠየቅነውም» አልን። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ቢቀጥልም መቋጫ አላገኘም። የጂም አቦትን ታሪክ ያገኘነው ከዚያ በኋላ ነው። በበኩላችን መልሱ እዚያ ውስጥ አለ ብለን እናምናለን።

ጂም አቦት የተወለደው በሴፕቴምበር 19 ቀን 1967 በሚሽጋን ክፍለ ሀገር፣ ፍሊንት በምትባል ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍሊንት የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ፋብሪካዎች የገነኑባት የሠራተኛ ከተማ ነበረች። ልጁ ሲወለድ ቀኝ እጅ አልነበረውም፤ ክንዱ አንጓው አካባቢ ላይ ያበቃል። ወላጆቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። በልጅነቱ ጫፉ መንጠቆ የሆነ ሰው ሠራሽ እጅ ተሠርቶለት ነበር፤ እሱ ግን አልወደደውም። ልጆችም ይስቁበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አውልቆ ጣለውና ባለው እጅ መኖር ጀመረ።

ታዲያ ይህ ልጅ ምን መረጠ መሰላችሁ? የቤዝቦል ወርዋሪነትን! ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ እንግለጸው። ወርዋሪው ከ18 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው መቺ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል። በከፍተኛ ደረጃ ውድድር ላይ ኳሷ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። መቺው ካገኛት ደግሞ በዚያው ፍጥነት፣ አንዳንዴም በባሰ ፍጥነት፣ ወደ ወርዋሪው ፊት ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ማንኛውም ወርዋሪ በአንድ እጁ ይወረውራል፣ በሌላው እጁ የቆዳ ጓንት ያጠልቃል። በጓንቱ ይቀልባል፣ ራሱንም ይከላከላል። እንግዲህ ሥራው ሁለት እጅ ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ እጅ ያለው ሰው ሊሠራቸው ከማይችሉ ሥራዎች ዝርዝር ጻፉ ብንባል ይህን ሳንጽፍ አንቀርም ነበር።

አቦት ግን ችግሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ አየው። በሚወረውርበት ጊዜ ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ደገፍ አድርጎ ያስቀምጣል። ኳሷ ከግራ እጁ እንደወጣች ያንኑ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከታል። ኳስ ወደ እሱ ከመጣ በጓንቱ ይቀልባል። ከዚያም ጓንቱን በቀኝ ክንዱና በደረቱ መካከል ሸጎጥ አድርጎ እጁን ያወጣል፣ ኳሷን ከጓንቱ መዝዞ ይወረውራል። ይህ ሁሉ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ያልቃል። እንዴት ቻለው? ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከአንድ የጡብ ግድግዳ ፊት ቆሞ ኳስ ይወረውር ነበር። ኳሷ ነጥራ እስክትመለስ ጓንቱን ያጠልቃል፤ ቀልቦ ያወልቃል፤ እንደገና ይወረውራል። እጁ እየፈጠነ ሲሄድ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይላል፤ ደግሞ ሲፈጥን ደግሞ ጠጋ ይላል። በሥነ ትምህርት ክፍላችን «ከቀላል ወደ ከባድ» እያልን የምንጽፈውን መርሕ ይህ ልጅ ማንም ሳይነግረው በግድግዳ ላይ ተግብሮታል።

አሁን ከጠቅላላው ታሪክ እኛን በይበልጥ ወደነካን ክፍል እንምጣ። አቦት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም ነበር። በሰው ፊት እየተንበረከከ ሌላ ሰው ሲያስርለት ምን እንደሚሰማው መገመት ይቻላል። መምህሩ ይህን አየ። እንግዲህ መምህሩ ምን ማድረግ ይችል ነበር? በየቀኑ ጎንበስ ብሎ ሊያስርለት ይችል ነበር፤ ደግ ሰው ነው ይባልለት ነበር። ወይም ወላጆቹን ማሰሪያ የሌለው ጫማ ግዙለት ሊላቸው ይችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። አንዱን እጁን እንደሌለ ቆጥሮ፣ በሌላው እጁ ብቻ ማሰሪያ ማሰርን ለራሱ ተለማመደ። ዘዴውን ካገኘ በኋላ አንድ ቀን ልጁን ለብቻው ጠርቶ አሳየው፤ አብሮት ተቀምጦ እስኪችለው ድረስ አለማመደው። አቦት ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ስታዲዮም ሙሉ ሕዝብ አጨብጭቦለት ካለፈ በኋላም ይህን መምህር ሲያነሳ ኖሯል።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ይህ መምህር ሁለት እጅ ነበረው፤ ጫማውንም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ቢሆንም ለዚህ ተማሪ የሚሆን እውቀት እንደሌለው ተረዳ። ተረድቶም አላፈረም፤ እንደገና ተማሪ ሆነ። እኛ ግን ያን ቀን ሜዳ ላይ የማናውቀው ነገር ሲገጥመን ልጁን አስቀመጥነው። ያስቀመጥነው የልጁን አቅም አይተን አይደለም፤ የራሳችንን አለማወቅ ሸሽተን ነው። ይህ መራር ቢሆንም እውነት ነው፤ መጻፍም አለበት።

ወደ አቦት እንመለስ። በፍሊንት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤዝቦል ብቻ ሳይሆን የአሜሪካ እግር ኳስም ተጫውቷል። ተቃራኒ ቡድኖች ድክመቱን ያገኙ መስሏቸው ኳሷን ለስለስ አድርገው እየነኩ ሆን ብለው ወደ እሱ ያንከባልሉለት ነበር፤ በአንድ እጅ አንስቶ እስኪወረውር እናመልጣለን ብለው። እሱም እያነሳ አስወጣቸው። በ1985 የቶሮንቶ ቡድን መርጦት ነበር፤ ሆኖም አልፈረመም። ትምህርቱን አስቀድሞ ወደ ሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1987 ከአገሩ ብሔራዊ ቡድን ጋር ሃቫና ሄዶ የኩባን ቡድን በሜዳው አሸነፈ። ኩባን በገዛ አገሯ ያሸነፈ አሜሪካዊ ወርዋሪ ከታየ 25 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት በኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የፓን አሜሪካ ጨዋታ መክፈቻ ላይ ባንዲራ የተሸከመው እሱ ነው። ደመወዝ ለማይከፈላቸው ስፖርተኞች የሚሰጠውን የሱሊቫን ሽልማትም አገኘ፤ ከቤዝቦል ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ቤዝቦል ለማሳያ በቀረበበት ውድድር የመጨረሻውን ጨዋታ ከጃፓን ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወርውሮ 5 ለ 3 አሸነፈ። አገራችን ያን ኦሊምፒክ ስላልተካፈለች፣ ኩባም እንደዚሁ፣ ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ብዙም አልተወራ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ዋናው ሊግ ገባ። ሌሎች በታችኞቹ ሊጎች ዓመታት ፈጅተው የሚደርሱበትን፣ እሱ በ1989 በቀጥታ ከካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ጋር ጀመረ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ተሸነፈ። ዓመቱን ግን በ12 ድልና በ12 ሽንፈት ጨረሰ። በ1991 ድሉ 18፣ ሽንፈቱ 11 ሆነና በሊጉ ለምርጥ ወርዋሪ በተሰጠ ድምፅ ሦስተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1992፣ የሆነው ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው። በእሱ ላይ የሚቆጠረው ነጥብ ካለፈው ዓመት ይልቅ አነሰ፤ በ9 ዙር በአማካይ ከ2.89 ወደ 2.77 ወረደ። ውጤቱ ግን 7 ድልና 15 ሽንፈት ሆነ። ለምን? ጓደኞቹ ነጥብ አላገቡለትማ! ወርዋሪ ብቻውን አያሸንፍም። የተማሪን ማርክ አይተን «ይኼ ሰነፍ ነው» ለማለት የምንቸኩል ሁሉ ይህን ዓመት ብናስብ ይጠቅመናል።

በ1993 ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ተዛወረ። በኦገስት መጨረሻ ከክሊቭላንድ ቡድን ጋር ተጫውቶ ገና በአራተኛው ዙር ሰባት ነጥብ ተቆጥሮበት ወጣ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን፣ ያው ክሊቭላንድ ኒው ዮርክ መጣ። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ከክሊቭላንድ ተጫዋቾች አንዳቸውም ኳሷን መትተው በምት ቦታ ለመያዝ አልቻሉም። ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ። በቤዝቦል ይህን የሚያክል ክብር ጥቂት ነው፤ ብዙ ታላላቅ ወርዋሪዎች ዕድሜ ልካቸውን ሳያገኙት ያልፋሉ። ያንን ያደረገው በሳምንቱ መጀመሪያ በዚያው ቡድን የተደበደበው ሰው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሰልፍ ንግግር ጥሩ ይሆን ነበር። ነገር ግን አላለቀም፤ እኛም የምናከብረው ስላላለቀ ነው። በ1996 አቦት 2 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 18 ጊዜ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ከልምምድ ወቅት ሳያልፍ ቡድኑ አሰናበተው፤ 1997ን ሳይጫወት ዋለ። በ1998 እንደ ጀማሪ ከታችኛው ሊግ ተነሥቶ ወደ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ተመለሰና 5 ጨዋታ አሸነፈ፤ አንድም አልተሸነፈም። በ1999 በሚልዋኪ ቡድን ሳለ፣ በዚያ ሊግ በጊዜው በነበረው ደንብ ወርዋሪም ዱላ ይዞ መምታት ነበረበትና፣ በአንድ እጁ ዱላ እየያዘ ሁለት ጊዜ መትቶ ቦታ ያዘ። በዚያው ዓመት ጨዋታ አቆመ። በ10 የጨዋታ ዓመታት 87 አሸንፎ 108 ተሸንፏል።

በመኝታ ክፍላችን ይህን ስንናገር አንድ ጓደኛችን «ታዲያ ከድሉ ሽንፈቱ ይበልጣላ! ምኑ ነው አርአያነቱ?» አለን። ጥያቄው ደግ ነው። መልሳችንም ይኸው፤ አርአያነቱ እዚያው ሽንፈቱ ውስጥም አለ። በ1996 ማንም «ምስኪን ነው፣ እጅ የለውም፣ ይቆይ» አላለም። ሲያሸንፍ ከፈሉት፣ ሲሸነፍ አሰናበቱት፤ ልክ እንደ ማንኛውም ባለ ሁለት እጅ ወርዋሪ። እኩልነት ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ሹራብ ጠባቂ ተደርጎ ዳር የተቀመጠ ልጅ መሸነፍ እንኳ አይችልም። ያን ቀን ከእኛ ተማሪ የወሰድንበት ማሸነፍን ብቻ አይደለም፤ ኳሷን ጥሎ እንደ ጓደኞቹ «ውይ!» ተብሎ እንደገና መሞከርንም ጭምር ነው።

ሌላው ደግሞ «ይኼ ሰውዬ ተአምር ነው፤ ተአምር ለሌላው አይሆንም» ይላል። በዚህ ላይ በግማሽ እንስማማለን። አካል ጉዳት ላለው ተማሪ ሁሉ «እንደ አቦት ሁን» ብሎ መስበክ ሌላ ሸክም መጫን ነው። አብዛኞቻችን ሁለት እጅ ይዘን የትም ቡድን አልገባንም፤ ማንም አልወቀሰንም። ነገር ግን የአቦት ክንድ ጥንካሬ ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ የጫማው ማሰሪያ ግን ስጦታ አይደለም። እሱ ትምህርት ነው። በየከተማው ሲጫወት አንድ እጅ የሌላቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እየመጡ ያገኙት ነበር፤ ደብዳቤም ይጽፉለት ነበር፤ እሱም ይመልስላቸው ነበር። እነዚያ ልጆች ሁሉ ወርዋሪ አልሆኑም። የፈለጉት ምናልባት ያንን ሰው አይተው «እኔም አንዱን ነገር በራሴ መንገድ እሠራዋለሁ» ማለትን ነበር።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የእኛው የመምህራን ነው፤ «ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ ለአንድ ልጅ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚለው። ይህን አናቃልለውም፤ ነገ ራሳችን የምንለው ነው። መሣሪያ የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅም አለ፤ በአንድ መምህር ደግነት የማይፈታ ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ከክፍሉ የወሰደው ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን የከፈለው ከራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጣቶች ነው። እኛ ደግሞ ስለ አካል ጉዳት ትርጓሜውን በደብተራችን ጽፈናል፤ ዓይነቶቹን ቆጥረን ፈተና መልሰናል። ትርጓሜውን ያወቅን፣ አንዲት ቋጠሮ ግን የማናውቅ መምህራን እየሆንን ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ ማታ ማታ በየአልጋችን ጠርዝ ተቀምጠን በአንድ እጅ ጫማ ማሰር ሞከርን። የመጀመሪያው ምሽት ሳቅ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ሳቁ ቆመ፤ ተናደድን። አንዳንዶቻችን ማሰሪያውን በጥርሳችን ያዝነው። ቀስ በቀስ ግን አንዱን ጫፍ በቋጠሮ አስቀርቶ በሌላው ብቻ እየሰፉ መሄድ እንደሚቻል አገኘን። ዛሬ ከስምንታችን አምስታችን እንችላለን። ትንሽ ነገር ናት። ነገር ግን ያ ልጅ በየማለዳው ምን እየሠራ ትምህርት ቤት እንደሚደርስ ከዚያ በፊት አስበነው አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ በትምህርት ዕቅዳችን ላይ «አካል ጉዳት ያለው ተማሪ ይህን ተግባር እንዴት ይሠራዋል?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ «አይሳተፍም» የሚል መልስ ግን አይጻፍበት። ሁለተኛ፣ መልሱን ከመጻፋችን በፊት ተግባሩን ራሳችን በአንድ እጅ፣ ወይም ዐይናችንን ሸፍነን፣ ወይም ተቀምጠን እንሞክረው። ሦስተኛ፣ ልጁን ራሱን እንጠይቀው። ከማናችንም ይልቅ ዘዴውን የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል።

ወደዚያ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን። ልጁን ፈልገን ኳሷን እንሰጠዋለን፤ ያን ቀን ያስቀመጥነውም ስለማናውቅ እንደነበረ እንነግረዋለን። ቢወድቅበት እንደ ሌሎቹ ያንሣው። ማሰሪያውን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚህ ሰሌዳ ፊት ይምጣ። ማሰሪያ ያለው ጫማ ይዞ ይምጣ፤ አንዱን እጁን ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይክተት።